የእናቶቻችን ዕቃ በስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት

በየዓመቱ በግንቦት ወር ልጆቻችንን ይዘን ወደ ስድስት ኪሎ ሙዚየም መሄድ ከጀመርን ወዲህ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ስታነሡ ቆይታችኋል። «ቤቱ ቤተ መንግሥት ከነበረ የእኛ ማሰሮና እንዝርት እዚያ እንዴት ገባ?» የሚል ነው። ለዚህ እትም ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የተመደብነው አባላት ያነበብነውንና ከታላላቆቻችን የሰማነውን አሰባስበን ለመመለስ ሞክረናል። ጉዞውን በግንቦት ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 10 ቀን ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሙዚየም ቀን ሆኖ ይከበራል። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤቶችም ቤተሰቦችም ይወጣሉ። ክረምቱም ገና አልገባም፤ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤቱን ገነተ ልዑል ብለው ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። ቤተ መንግሥት ሲባሉ ልጆቻችን የጎንደርን ዓይነት ግንብ ይጠብቃሉ። ሲያዩት ግን ዛፍ በበዛበት ሰፊ ግቢ ውስጥ የቆመ ትልቅ መኖሪያ ቤት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ይህ ቤት የፋሽስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። ከቤቱ ፊት ለፊት ዛሬም ወደ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሞ ይታያል። ያቆሙት ጣሊያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ ሠሩት። ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱ አልፈረሰም፤ ከላይኛው ደረጃ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹ ከግቢው ሁሉ አስቀድመው የሚሮጡት ወደዚህ ነው፤ ደረጃውን ይቆጥራሉ፣ አንበሳው እንዴት እንደ ወጣ ይጠይቃሉ። እኛም ለትንንሾቹ ታሪኩን በዚህ እንጀምርላቸዋለን። ከዚህ የተሻለ የታሪክ መምህር አላገኘንም።

ለትልልቆቹ ግን የሚነገረው ሌላ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደራሴው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት እንደሚሰጥ አስነገረ። የከተማይቱ ችግረኛ ወደዚህ ግቢ መጣ። ዓይነ ስውሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ደጋፊ ያጣ ሽማግሌ፣ ባሏ በጦርነቱ የቀረባት ሴት፣ ሁሉም ለጥቂት ሳንቲም ተሰበሰበ። መኳንንቱና ካህናቱም ተጠርተው ነበር። ሥነ ሥርዓቱ እየተካሄደ ሳለ አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦንብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ፤ አልሞተም። ወዲያው ወታደሮቹ በግቢው ውስጥ በነበረው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በየሰፈሩ እየዞሩ ሰው ገደሉ፣ ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ሰው ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት ደግሞ ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። ቁጥሩ የትኛውም ይሁን፣ በዚያን ጊዜ የነበረችውን አዲስ አበባ ትንሽነት ለሚያስብ ሰው በየቤቱ የገባ ሐዘን ነው።

ስለዚህ ቀን ብዙ ተጽፏል፣ በየዓመቱም በአደባባዩ ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጣል። ሐውልቱ ከዩጎዝላቪያ የተገኘ ስጦታ ነው። ነገር ግን እንደ መረዳጃ ማኅበር አባላት እኛን የሚከነክነን አንድ ነገር አለ። ቦንቡን የወረወሩትን ሁለቱን ጀግኖች ስማቸውን እናውቃለን፤ ልጆቻችንም ያውቃሉ። የቆሰለውን ጄኔራል ስም እናውቃለን። የታሰሩትንና የተገደሉትን መኳንንትና ምሁራን ስምም ታሪክ ጽፎልናል። መጀመሪያ የተተኮሰባቸው ግን ለምጽዋት የተሰለፉት ናቸው፤ ስማቸውንም የመዘገበ የለም። ዛሬ እኛ በየወሩ መዋጮ የምንሰበስብላቸው ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ሕመምተኛ ጎረቤት፣ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት። በዚያ ዘመን የሚደርስላት ዕድርና ማኅበር ቢኖራት ኖሮ ከጠላት እጅ ሳንቲም ለመቀበል ላትሰለፍ ትችል ነበር ብለን እናስባለን። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ቢሆንም የዚያ ሰልፍ ነገር ከአእምሯችን አይወጣም።

ይህን ለልጆች እንንገር ወይስ አንንገር በሚለው ላይ በስብሰባ ሁለት ጊዜ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ልጅ ለመጫወት በመጣበት ቦታ ስለ እልቂት አይነገረውም፤ ሌሊት ያቃዠዋል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «እዚያው ሣር ላይ ዳቦና ሻይ አቅርበን እያበላን፣ እዚያ የሆነውን መደበቅ እንዴት ይሆናል?» አልን። ከታላላቆቻችን አንዷ እማማ፣ አያታቸው በዚያ ሰሞን ልጆቿን ይዛ ወደ እንጦጦ ጫካ እንደ ሸሸች ይናገራሉ። እሳቸው ያሉት ቁርጥ ያለ ነበር። «እኔ የሰማሁት በሰባት ዓመቴ ነው። አልታመምኩም።» በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያሉት ስለ ደረጃውና ስለ አንበሳው ይሰማሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ከእናቶች ጋር ወደ አደባባዩ ሐውልት ይሄዳሉ፣ ታሪኩን ይሰማሉ፣ መጠየቅ የፈለጉትንም ይጠይቃሉ። ሴቶቹ የዚያን ጊዜ ምን አደረጉ የሚል ጥያቄ አይቀርም። ስለዚህ ስለ ሸዋረገድ ገድሌ አርበኝነት፣ ስለ ከበደች ሥዩም እንነግራቸዋለን። ከበደች የባለቤታቸውን የደጃዝማች አበራ ካሣን መገደል ተከትሎ ጦር መርተው የተዋጉ ናቸው። ወደ ጣሊያን አዚናራ ደሴት ስለ ተጋዙት ስለ ስንዱ ገብሩም እናወራለን። ስንዱ ከእስር ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ቆይቶም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቁ። ሴቶች ልጆቻችን እዚህ ላይ ፊታቸው ይበራል።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ቤቱ እንደገና የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ታግተው የነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት በዚሁ ቤት ውስጥ ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል። ራስ ሥዩም የከበደች አባት ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱንና ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ደም የፈሰሰበት ቤት የትምህርት ቤት ቢሆን ይሻላል ብለው ይሆናል፤ ሰዎች እንደዚያ ይላሉ። ምክንያታቸው ምንም ይሁን ውጤቱ መልካም ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንደ ነበረ ተጠብቆ ለጎብኚ ክፍት ነው። በመስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ ይታያል፤ የታኅሣሡ ግርግር ትዝታ ነው ይባላል። ልጆቻችን የንጉሡ መታጠቢያ ገንዳ ፊት የሚያጠፉት ጊዜ ከሌላው ክፍል ሁሉ ይበልጣል። ተቆጥተን ለማስወጣት ሞክረን አልሆነም፤ አሁን ትተናቸዋል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማሰሮው እንዴት ገባ?

ነገሩ የተጀመረው ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ስታኒስላው ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ሥዕል፣ መስቀልና የቤት ዕቃም መሰብሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በገነተ ልዑል ሲቋቋም ስብስቡ ሙዚየም ሆኖ በዚያ ተደላደለ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ይህ ስም ለእኛ ለሴቶች ተጨማሪ ትርጉም አለው። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው በእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ሲታገሉ በተደጋጋሚ የታሰሩ ናቸው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ደግሞ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁመው ለዓመታት አሳተሙ። በእርጅናቸው አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፣ በ1953 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፉ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። ስለዚህ ሙዚየሙ የፈረንጅ ነገር ነው ለምትሉ አባሎቻችን፣ አዎ፣ ፈረንጆች ደክመውበታል። ግን የትኞቹ ፈረንጆች እንደ ሆኑ ማወቅ ደግ ነው።

ሙዚየሙ የባህል ዕቃዎቹን ያዘጋጀበት መንገድ ሌሎች ቦታዎች ካየነው ይለያል፤ እኛም የምንወደው በዚህ ነው። ዕቃውን በክፍለ ሀገርና በብሔረሰብ ከፋፍሎ ከመደርደር ይልቅ በሰው ዕድሜ አሰልፎታል። መጀመሪያ ልጅነት ነው፣ ጨዋታና ተረት፤ ቀጥሎ ጉልምስና ነው፣ እምነት፣ አደን፣ ጦርነት፣ ባህላዊ ሕክምና፣ የእጅ ሥራ፤ መጨረሻው ሞትና ቀብር ነው። የኮንሶን የእንጨት ምስል ከመቃብር ድንጋዮች ጋር ታገኙታላችሁ። አንድ ቤተሰብ ሲገባ ልጆቹ መጀመሪያው ክፍል ላይ የራሳቸውን ያገኛሉ፤ እናትና አባት በመካከል፤ አያት ደግሞ መጨረሻው ላይ ቆማ ዝም ትላለች። ሰው በኑሮው ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ ማንም እንግዳ አይሆንም። ከላይኛው ፎቅ ያለው የሥዕል፣ የመስቀልና የሙዚቃ መሣሪያ ስብስብ ራሱን የቻለ ሀብት ነው፤ እሱን ለሌላ እትም እንተወው።

በመጀመሪያው ዓመት ጉብኝታችን ላይ አንድ ነገር ሆነ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአንድ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ፊት ቆማ ምንነቱን ጠየቀች። የሚያስጎበኘን ወጣት «ጋን ነው፣ ጠላ ይጠመቅበታል» አላት። ልጅቷም «ማን ሠራው?» አለች። ጽሑፉ ላይ ያለው የዕቃው ስምና የመጣበት አካባቢ ነው። የሠሪዋ ስም የለም። ይህ የስድስት ኪሎ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ያሉ የባህል ሙዚየሞች ልማድ ነው። ሥዕል ከሆነ የሠዓሊው ስም ይጻፋል፤ ማሰሮ ከሆነ የአካባቢው ስም ይበቃል። ልጅቷ ግን መልስ ፈልጋ ቆማለች። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የተነሣው ወሬ እስካሁን አላበቃም።

በአገራችን ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሥራውን ያላየች ቀላል ይመስላታል። አፈሩ ከተመረጠ ቦታ ተቆፍሮ ይመጣል፤ ሁሉም አፈር አይሆንም። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ የተፈጨ ገል ይጨመርበትና ይቦካል። ዕቃው በእጅ ይገነባል፤ የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፣ የምትዞረው ሠሪዋ ራሷ ናት። ከዚያ በጠጠር ይለሰልሳል፣ በጥላ ይደርቃል፣ በመጨረሻም በእንጨትና በኩበት ሜዳ ላይ ይተኮሳል። በዚያች ሰዓት ነፋስ ቢነሣ ወይም ዝናብ ቢመጣ የሳምንት ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። ያልተሰነጠቀውን ደግሞ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። መንገድ ላይ ብትሰናከልስ? ይህን ሁሉ አልፎ ዋጋው ከሌላው ዕቃ ሁሉ ያነሰ ነው።

ከዋጋው የከፋ ደግሞ ስሙ ነበር። ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ እየተባለ የሚሠራው ሰው ሲናቅ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ሲሸሽ፣ ልጁን የሚያገባው ሲጠፋ ኖሯል። በማሰሮዋ በልቶ ከእሷ ጋር ማዕድ የማይቆርስ ሰው ብዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ መልካም ነበር፤ ሆኖም አዋጅ በአፍ ያለውን እንጂ በልብ ያለውን ቶሎ አይነቅልም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላቸው የታወቁ ነበሩ፤ ወደ እስራኤል ከሄዱት መካከል ሥራውን እዚያም የቀጠሉ አሉ። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ማሰሮ ሲቀመጥ ክብር ያገኘው ማሰሮው ነው። ሠሪዋ ገና አላገኘችም።

እስቲ ደግሞ ወደ ጦርነት እንሂድ፤ ከማሰሮ ርቀን አንሄድም። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ጠላት መሽጎ በነበረ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ የውኃው ምንጭ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረቡ፤ ወታደሮቻቸው ያዙት፣ ምሽጉም በጥም ተፈታ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ ተነሥቶ እስከ ዓድዋ ሲጓዝ ማን አበላው የሚለው ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ያዘጋጁት፣ በየሰፈሩ ወፍጮ የፈጩት፣ ድስት የጣዱት ሴቶች ነበሩ። በውጊያው ቀንም ለተዋጊው ውኃ ያቀረቡት ሴቶች ናቸው፤ በምን ያቀረቡት? በገንቦና በእንስራ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ልጆቻችንን ወስደን ስናሳይ ይህን እያነሣን ነበር። አንድ ልጅ «ታዲያ እንስራውም ዘምቷል ማለት ነው» አለን። አዎ፣ ዘምቷል።

ከዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥያቄ በኋላ ማኅበራችን ሁለት ነገር ጀመረ። አንደኛው በአዳራሻችን በዓመት አንድ ቅዳሜ የምናደርገው የቤት ዕቃ ትርዒት ነው። እያንዳንዷ አባል ከቤቷ አንድ አሮጌ ዕቃ ታመጣለች። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች እንደ መደርደሪያ ሆነው ያገለግላሉ፤ ለሐዘን ብቻ የሚወጡ ወንበሮች ለደስታ ሲወጡ ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት አገልግል፣ ሙዳይ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ወስፌ፣ መጅ፣ አክምባሎ፣ የቅቤ ቅል ነበሩ። አንዲት የሐረር ተወላጅ እህታችን የእናቷን ሰፌዶች ከግድግዳ አውርዳ አመጣች፤ በእነሱ ቤት ሰፌድ የሙሽራ ቤት ጌጥ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ቅርፅም የራሱ ስም እንዳለው አስረዳችን። ደጋ ያደግነው ደግሞ አክርማና ስንደዶ እንዴት እንደሚነቀልና እንደሚነከር አሳየናት።

ልጆቹ ዕቃውን መንካት ይፈቀድላቸዋል። ይህ ከሙዚየም የሚለየን ነው። ሙዚየም ቢከለክል ትክክል ነው፤ ሺህ ሰው ቢነካው ዕቃው አይቆይም። እኛ ዘንድ ግን ወንዱም ሴቱም በመጅ ይፈጫል፣ እንዝርት ያሾራል። አብዛኞቹ ክሩን ይበጥሱታል። ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ስለ ኖረ፣ አንድ ጋቢ ከመሸመኑ በፊት ስንት ቀን ፈትል እንደሚፈልግ አባቶች እንኳ አያውቁም ነበር። አሁን ሁለት ሦስት አባቶች እንዝርት ሞክረው ዝም ብለው ተመልሰዋል። ጥግ ላይ ገበጣና ቅልሞሽ አለ፤ እዚያ አያቶች ይረታሉ። ማታ ላይ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፣ አገር ስጡኝ ይባላል፤ ስልካቸውን አስቀምጠው የሚያዳምጡ ወጣቶች ቁጥር በየዓመቱ ጨምሯል።

ሁለተኛው ነገር መዝገቡ ነው። መስመር የተሰመረበት ተራ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ነገር እንጽፋለን፤ ስሙን፣ የተገኘበትን አገር፣ ማን እንደ ሠራው፣ ለማን እንደ ተሠራ። ሦስተኛው ዓምድ መጀመሪያ ላይ ባዶ ነበር። ዕቃው የማን እንደ ነበረ እናውቃለን፤ የሠራችውን ግን የምናስታውስ ጥቂት ነን። ሰፌድና መሶብ ሲሆን ይሻላል፤ «እናቴ ሰፋችው፣ ለሠርጌ» ይባላል። ሸክላ ሲሆን ግን ዝምታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመጡት የሸክላ ዕቃዎች ሁሉ የሠሪዋ ስም የተገኘው የአንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ባለቤቷ ልጅ ሳለች ከሠሪዋ ልጅ ጋር አብራ ትጫወት ስለ ነበር ነው። በሁለተኛው ዓመት አራት ሆነ። አባሎቻችን ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲሄዱ እየጠየቁ መጡ። ከእነዚህ አንዲቱ ሸክላ ሠሪ በሕይወት አሉ፤ ስማቸው መዝገብ ላይ እንደ ተጻፈ ሲነገራቸው «ለምን? ዕዳ አለብኝ እንዴ?» ብለው ደነገጡ አሉን። ሳቅንም፣ አላሳቀንምም።

መዝገቡ ለምን ያስፈልጋል ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። አንዱ መልስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ማንም እናት ከጭስ መገላገሏን እንድትጠላ አንፈልግም፤ ዓይናችንና ሳንባችን ያውቃል። ነገር ግን ምጣድን በጎመን ዘር ማሟሸት የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ እየቀነሰ ነው። አንዲት ሸክላ ሠሪ ልጇን ሥራውን ካላስተማረች፣ ያም የሆነው ልጇ እንዳትናቅባት ብላ ከሆነ፣ ማን ይፈርድባታል? ዕውቀቱ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእጅ ነው ያለው። እጁ ሲያርፍ አብሮ ይሄዳል።

ሌሎቹን ሙዚየሞች በአጭሩ እንንካ፤ ልጅ ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ስላላችሁ። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ናት፤ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ሲሆን ዋናው አፅም በጥንቃቄ ይቀመጣል። ለትንንሽ ልጆች ግን ከድንቅነሽ ይልቅ ሰላም ትቀርባቸዋለች። ዲኪካ ላይ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ1993 ዓ.ም. የተገኘች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። «እንደ ታናሽ እህትህ ናት» ሲባል ልጅ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያያል። የአዲስ አበባ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አጠገብ በራስ ብሩ ቤት ነው፤ የከተማይቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር የተቋቋመ ነው። ከተማይቱን አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት እቴጌ ጣይቱ ስለሆኑ ሴቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይገባል። እዚያው አካባቢ ያለውን በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን ለልጆች አንመክርም። የተገኘው የሰው አፅምና የሟቾች ፎቶግራፍ በብዛት አለበት። ከውጭ የቆሙትን የሦስት እናቶች ሐውልት አይታችሁ ብትመለሱ ይበቃል። ከመካከላችን ወንድም ያጣን አለን፤ ለእኛ ራሳችን አንድ ጊዜ መግባት ይበቃናል።

ለመጪው ግንቦት የተወሰነው እንዲህ ነው። ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን ጓሮ። ሁለት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የቀናቸውን ዋጋ ማኅበሩ ይከፍላል፣ ምሳም ከእኛ ጋር በአንድ መሶብ ይበላሉ። ልጆች አሮጌ ልብስ ይልበሱ፤ በጭቃ ለሚበላሽ ልብስ ማኅበሩ ኃላፊ አይደለም። እናቶች የሚያመጡትን ዕቃ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ለጸሐፊያችን ያስመዝግቡ። ሸክላ የምታመጡ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት ወደ እናታችሁ፣ ወደ አክስታችሁ ወይም ወደ አገር ቤት ደውላችሁ የሠሪዋን ስም ጠይቁ። የአባቷ ስም ከተገኘም ይጻፍ።